የሰንሰለታዊ ዝርዝር ግድፈቶችና የስያሜ ፈተና

1. መግቢያ

ሙያዊ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ በሚደረገው ጥረት ውስጥ ዘወትር የሚያጋጥም አንድ ልማድ አለ። ይኸውም አዲሱን ጽንሰ ሐሳብ በሚገባ ሲሠራ ተመልክቶ፣ ለዚያው መልኩ የሚስማማ ቃል መርጦ፣ በዚያው ረክቶ መቅረት ነው። ከዚህ በታች የምናቀርበው ሐተታ ይህ ልማድ በቂ አለመሆኑን በአንድ ምሳሌ ለማሳየት የታሰበ ነው። ምሳሌው ከኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ የተወሰደ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ሊንክድ ሊስት» ብለው የሚጠሩትን የመረጃ አደረጃጀት ይመለከታል።

የሐተታችን ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሙያዊ ቃል የሚፈተነው የተሰየመው ነገር ደኅና ሲሠራ ሳይሆን ሲበላሽ ነው። ብልሽቱን ለመግለጽ በምንጽፈው ዐረፍተ ነገር ውስጥ፣ ግድፈቱ ያደባለቃቸውን ነገሮች ስያሜዎቹ ለይተው ካላሳዩ፣ በአማርኛ የሚማር ተማሪ ስሕተቱን ፈልጎ ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህም በመጀመሪያ ረቂቃችን ላይ የመረጥናቸውን ቃላት በአራት የታወቁ ግድፈቶች ላይ ፈትነናቸዋል። ከፈተናው ያለ ለውጥ የወጡት ከግማሽ ብዙም አይበልጡም።

2. የነገሩ ጠባይና የመጀመሪያው ረቂቅ

አንድ ፕሮግራም ብዙ መረጃዎችን በተርታ መያዝ ሲያስፈልገው ሁለት ዋና ዋና መንገዶች አሉት። አንደኛው መረጃዎቹን በኮምፒዩተሩ ማኅደር ውስጥ ጎን ለጎን መደርደር ነው፤ ይህም ድርድር ይባላል። ድርድር በተራ ቁጥር ለመጥራት ያመቻል፤ ነገር ግን በመካከሉ አንድ አዲስ መረጃ ለማስገባት፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ መሸጋሸግ አለባቸው። ሁለተኛው መንገድ መረጃዎቹ በማኅደሩ ውስጥ በተገኘው ቦታ ተበታትነው እንዲቀመጡ ትቶ፣ እያንዳንዱ መረጃ የሚቀጥለው የት እንደሚገኝ እንዲይዝ ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ አዲስ መረጃ ለማስገባት ማንንም ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፤ የሁለት ማመልከቻዎችን አቅጣጫ ማስተካከል ብቻ ይበቃል።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። በካርድ ላይ የተጻፉ ቃላት በልዩ ልዩ መሳቢያዎች ውስጥ ተበታትነው፣ በእያንዳንዱ ካርድ ግርጌ «ቀጥሎ እገሌን ተመልከት» የሚል ማስታወሻ ቢጻፍ፣ ከመጀመሪያው ካርድ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው ድረስ በተርታ ማንበብ ይቻላል። ካርዱ አንድ ነገር ነው፤ በግርጌው ያለው ማስታወሻ ሌላ ነገር ነው። ቀጥሎ የሚታዩት ግድፈቶች ሁሉ ምንጫቸው የእነዚህ የሁለቱ መደባለቅ መሆኑን አንባቢ ከአሁኑ ልብ እንዲል እናሳስባለን።

አደረጃጀቱን በ1955ና በ1956 እ.ኤ.አ. አለን ኒዌል፣ ክሊፍ ሾውና ኸርበርት ሳይመን በአሜሪካ ራንድ ኮርፖሬሽን በሚባለው የምርምር ድርጅት ለሠሩት የፕሮግራም ቋንቋ መሠረት አድርገው ተጠቅመውበታል። ነገር ተኮር የተባለው የፕሮግራም አጻጻፍ ስልት ደግሞ መነሻው በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የፈጠሩት ሲሙላ 67 የተባለው ቋንቋ ነው። በዚህ ስልት መረጃውና በመረጃው ላይ የሚፈጸመው ተግባር ተለያይተው አይጻፉም፤ «ነገር» በሚባል አንድ አካል ውስጥ አብረው ይኖራሉ። የነገሮቹ ዓይነት መደብ፣ ተግባራቸው ዘዴ ይባላል። በሰዋስው «ተሳቢ» ብለን የምንጠራው እንግሊዝኛው በዚሁ ቃል የሚጠራውን ነው፤ ተርጓሚው ይህን አይቶ እንዳይሳሳት ከወዲሁ መጠንቀቅ አለበት። ለምሳሌዎቻችን የመረጥነው ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ጃቫን ነው።

በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ የመረጥናቸው ቃላት እነዚህ ነበሩ። ለሙሉው አደረጃጀት «ሰንሰለታዊ ዝርዝር»፤ «ኖድ» ለሚባለው ለእያንዳንዱ አባል «አንጓ»፤ «ሬፈረንስ» ለሚባለው ለማመልከቻው «ማጣቀሻ»፤ ለመጀመሪያው አንጓ ማመልከቻ «ራስ»፤ ምንም ነገር ለማያመለክት ማጣቀሻ «ባዶ»። «የተያያዘ ዝርዝር» የሚለውን የተውነው በቢሮ ደብዳቤ «ከዚህ ጋር የተያያዘ ዝርዝር» ማለት ከደብዳቤው ጋር የተላከ አባሪ ወረቀት ማለት ስለሆነ ነው። «አንጓ» የተመረጠው በሸንኮራ አገዳና በሸምበቆ ላይ እያንዳንዱ አንጓ የየራሱ አካል ሆኖ ከሚቀጥለው ጋር መጋጠሙን ማንም የሚያውቀው በመሆኑ ነው።

እንግዲህ አንድ አንጓ ሁለት ነገሮችን ይይዛል፤ ይዘቱንና ቀጣዩን። ለምሳሌ በፊደል ተራ የተቀመጡ ሦስት ቃላት፣ ማለትም «ሀገር»፣ «መሬት»ና «ሰማይ» ያሉበት ዝርዝር እንውሰድ። የ«ሀገር» አንጓ ቀጣይ «መሬት»ን፣ የ«መሬት» ቀጣይ «ሰማይ»ን ያመለክታል፤ የ«ሰማይ» ቀጣይ ምንም አያመለክትም።

3. አራቱ ግድፈቶች

ሀ) የቅደም ተከተል ግድፈት

«ልብ» የሚለውን ቃል በ«ሀገር»ና በ«መሬት» መካከል ማስገባት እንፈልጋለን። «ፊተኛ» የሚባለው ማጣቀሻ የ«ሀገር»ን አንጓ፣ «አዲስ» የሚባለው የ«ልብ»ን አንጓ ያመለክታል። ቀስቱ «በቀኝ ያለው ወደሚያመለክትበት ያመልክት» ማለት ነው። ትክክለኛው አጻጻፍ የሚከተለው ነው፦

አዲስ.ቀጣይ ← ፊተኛ.ቀጣይ
ፊተኛ.ቀጣይ ← አዲስ

ጀማሪ ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን መሥመሮች አፋልሶ ይጽፋል፦

ፊተኛ.ቀጣይ ← አዲስ
አዲስ.ቀጣይ ← ፊተኛ.ቀጣይ

ፕሮግራሙ በሰዋስው ረገድ እንከን ስለሌለው ኮምፒዩተሩ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበለዋል። ዝርዝሩ እንዲነበብ ሲታዘዝ ግን «ሀገር፣ ልብ፣ ልብ፣ ልብ» እያለ ማብቂያ የሌለው ንባብ ይጀምራል። ምክንያቱን ለማግኘት ወረቀት አውጥቶ ከእያንዳንዱ መሥመር በኋላ ማን ማንን እንደሚያመለክት መጻፍ ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው መሥመር በኋላ «ሀገር» «ልብ»ን ያመለክታል፤ «መሬት»ን የሚያመለክት ግን አንድም አልቀረም። በሁለተኛው መሥመር «ፊተኛ.ቀጣይ» ስንል ከእንግዲህ «መሬት» ማለታችን አይደለም፤ አሁን የተቀየረውን «ልብ»ን ማለታችን ነው። ስለዚህ «ልብ» ራሱን አመለከተ። ነገሩ የግመል ቅፍለት ሲጓዝ በመካከል አዲስ ግመል ለማስገባት የኋለኛውን ገመድ ከአዲሱ ሳያሥሩ ከፊተኛው እንደ መፍታት ነው፤ የኋለኞቹ ግመሎች በረሃ ላይ ይቀራሉ። ጃቫ ማንም የማያመለክተውን አንጓ በራሱ ጊዜ ከማኅደሩ ስለሚጠርግ፣ «መሬት»ና «ሰማይ» ድምፅ ሳያሰሙ ይጠፋሉ።

ይህን ግድፈት በአማርኛ ለመግለጽ ስንሞክር ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛው፣ አንድ ተርጓሚ አንጓውንም ማጣቀሻውንም «ማያያዣ» ብሎ ቢመልሳቸው፣ ምርመራው «የማያያዣው ማያያዣ ወደ ማያያዣው ተመለሰ» የሚል ይሆናል። ዝርዝሩ ደኅና በነበረ ጊዜ ይህ ቃል ምንም አላስቸገረም ነበር፤ በተበላሸ ጊዜ ግን ካርዱንና በግርጌው ያለውን ማስታወሻ ለይቶ መናገር አልቻለም።

ሁለተኛው ትምህርት የራሳችንን ረቂቅ የሚመለከት ነው። «የልብ ቀጣይ ወደ ራሱ ያመለክታል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት። በአማርኛ «ራስ» የአካል ክፍል ስም ብቻ ሳይሆን የድርጊቱን ተመላሽነት የምንገልጽበት ቃል ነው። «ራሱ» ማለት አንጓው ራሱ ነው ወይስ የዝርዝሩ ራስ? ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የመጨረሻው አንጓ የመጀመሪያውን የሚያመለክትበት ዝርዝር ክብ ዝርዝር የሚባል፣ ሆን ተብሎ የሚሠራ አደረጃጀት ነው። አንድ አንጓ ራሱን የሚያመለክትበት ግን በምሳሌያችን እንደታየው ግድፈት ነው። ትክክሉንና ስሕተቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚጠራ ስያሜ ሊጸና አይገባውም። ስለዚህ «ራስ» የሚለውን ትተን «መነሻ» የሚለውን ወስደናል።

እንዲህ ያለውን መዞሪያ በፕሮግራም ለማወቅ የሚያገለግል አንድ የታወቀ ዘዴ አለ፤ ዶናልድ ክኑት የፈጠራውን ባለቤትነት ለሮበርት ፍሎይድ ሰጥቶታል። ሁለት ማጣቀሻዎች ከመነሻ አብረው ይነሣሉ፤ አንዱ በየጊዜው አንድ አንጓ፣ ሌላው ሁለት ሁለት አንጓ ይራመዳል። ዝርዝሩ ማብቂያ ካለው ፈጣኑ ወደ ማብቂያው ይደርሳል፤ መዞሪያ ካለበት ግን ፈጣኑ ዘግይተኛውን ከኋላ መጥቶ ይደርስበታል። ዘዴው በእንግሊዝኛ በኤሊና በጥንቸል ተረት ይጠራል፤ ተረቱ በአገራችንም የታወቀ ስለሆነ ስሙን እንዳለ መመለስ ይቻላል። በቃላት ሥራም «ዘዴ፦ ብልሃትን ተመልከት፤ ብልሃት፦ ዘዴን ተመልከት» የሚል መዝገብ ያጋጠመው ሰው ይህ በሽታ ምን እንደሆነ ያውቀዋል።

ለ) የአልቦ ግድፈት

ሁለተኛው ግድፈት አንድን ቃል ፈልጎ ለመሰረዝ በሚጻፍ ዘዴ ውስጥ ይታያል። በዝርዝሩ ላይ የሚመላለሰውን ማጣቀሻ «ተጓዥ» ብለነዋል፤ «ተራማጅ» የሚለው በአማርኛ የፖለቲካ ትርጉም ስለያዘ አልወሰድነውም። ዘዴው እንዲህ ይላል፦

ተጓዥ ← መነሻ
ተጓዥ.ቀጣይ.ይዘት ከተፈላጊው ጋር እስኪገጥም ድረስ፦ ተጓዥ ← ተጓዥ.ቀጣይ

ተፈላጊው ቃል በዝርዝሩ መካከል ካለ ዘዴው በትክክል ይሠራል። ቃሉ ከሌለ ግን ተጓዡ መጨረሻው አንጓ ላይ ይደርሳል፤ የዚያም አንጓ ቀጣይ ምንም አያመለክትም፤ ከምንም ላይ ደግሞ ይዘት ሊጠየቅ አይችልም። በዚህ ጊዜ ጃቫ ሥራውን አቋርጦ «ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽን» የተባለውን ማስታወቂያ ያወጣል። አንድም አንጓ በሌለው ዝርዝር ላይ ይኸው ብልሽት ገና በመጀመሪያው እርምጃ ይከሠታል፤ መነሻው ራሱ ምንም አያመለክትምና። ከዚህም በቀር ተፈላጊው ቃል በመጀመሪያው አንጓ ላይ ካለ ዘዴው ሁልጊዜ አንድ አንጓ አሳልፎ ስለሚመለከት ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ ማንኛውም ዘዴ ምንም አንጓ በሌለበት፣ አንድ አንጓ ባለበትና ሁለት አንጓ ባለበት ዝርዝር ላይ አስቀድሞ መሞከር ይኖርበታል።

በረቂቃችን «ነል» የሚባለውን «ባዶ» ብለነው ነበር። «ዝርዝሩ ባዶ ነው» ስንል ግን ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች አንድ ሆነው ቀሩ። ዝርዝሩ ተፈጥሮ አንጓ ያልገባበት ከሆነ ርዝመቱን ብንጠይቀው «ዜሮ» ብሎ ይመልሳል። ዝርዝሩ ጭራሹን ካልተፈጠረና ስሙ ምንም የማያመለክት ከሆነ ግን ርዝመቱን መጠየቅ ብልሽት ያስከትላል። የመጀመሪያው ባዶ ጎተራ ነው፤ ሁለተኛው ጎተራ የሌለበት ግቢ ነው። ለሁለተኛው ግእዝ የሚስማማ ቃል ይሰጠናል፤ «አልቦ» ማለት «የለም፣ የለውም» ማለት ነውና። ስለዚህ ባዶ የዕቃው፣ ዜሮ የቁጥሩ፣ አልቦ የማጣቀሻው ሁኔታ ይሆናል።

አልቦ ማጣቀሻን በ1965 እ.ኤ.አ. አልጎል ደብልዩ ለተባለው ቋንቋ ያስገባው ቶኒ ሆር ሲሆን፣ በ2009 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግር ይህን ሥራውን የቢልዮን ዶላር ስሕተት ብሎ ሰይሞታል። ተርጓሚው ልብ ሊለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ጃቫ «ፖይንተር» የሚለውን ቃል ለፕሮግራም ጸሐፊው ሳያቀርብ፣ በብልሽቱ ማስታወቂያ ላይ ግን ያንኑ ቃል ይጠቀማል። ሲ ሻርፕ የተባለው ቋንቋ ይህንኑ ብልሽት «ነል ሬፈረንስ ኤክሴፕሽን» ይለዋል። ስለሆነም ቃሉን ሳይሆን ጽንሰ ሐሳቡን ተከትለን ሁለቱንም «የአልቦ ማጣቀሻ ብልሽት» እንላለን። «ጠቋሚ» የሚለውን ቃል የማኅደሩን አድራሻ በቁጥርነቱ መጨመርና መቀነስ ለሚፈቅዱት፣ እንደ ሲና ሲ ፕላስ ፕላስ ላሉት ቋንቋዎች አቆይተነዋል።

ሐ) የመነሻ መጥፋት

ሦስተኛው ግድፈት ምንም ማስታወቂያ የማያወጣ ስለሆነ ከሁሉም ያስቸግራል። ዝርዝሩን የሚያነብ ዘዴ እንዲህ ተጽፎ እናገኛለን፦

መነሻ አልቦ እስኪሆን ድረስ፦ መነሻ.ይዘትን ጻፍ፤ መነሻ ← መነሻ.ቀጣይ

ዘዴው ሲጠራ ቃላቱን ሁሉ በትክክል ያነባል። ተማሪውም ደስ ይለዋል። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ግን አንዲት ቃል አይወጣም፤ ንባቡ መነሻውን እየገፋ እስከ አልቦ ድረስ ወስዶታልና። መድኀኒቱ «ተጓዥ ← መነሻ» ብሎ መጀመርና ተጓዡን ብቻ ማንቀሳቀስ ነው።

እዚህ ላይ የቀስቱ ንባብ ራሱ ተፈተነ። በረቂቁ «ተጓዥ መነሻን ይቀዳል» ብለን ነበር። ይህ አነጋገር አንጓው ሁለት እንደሆነ ያስመስላል፤ ተማሪውም በተጓዥ በኩል ይዘቱን ቢለውጥ የመጀመሪያው አንጓ ሳይነካ የሚቀር ይመስለዋል። እውነቱ ግን አንጓው አንድ፣ ማጣቀሻዎቹ ሁለት ናቸው። አንድን ሰው በዓለም ስሙና በክርስትና ስሙ ብንጠራው ሰውየው ሁለት አይሆንም። ስለዚህ «ተጓዥ መነሻ ወደሚያመለክተው አንጓ ያመልክት» የሚለው አነጋገር ቢረዝምም ተመርጧል። በአንጻሩ ተጓዥን ወደ ቀጣዩ ስናራምድ አንጓው አይንቀሳቀስም፤ የሚለወጠው የማጣቀሻው አቅጣጫ ነው።

መ) የአንድነትና የእኩልነት ግድፈት

አራተኛውን ባጭሩ እናልፋለን። በጃቫ ሁለት የእኩል ምልክቶች ተደርበው ሲጻፉ የሚጠየቀው ሁለቱ ማጣቀሻዎች አንዱን ነገር ያመለክታሉ ወይ የሚለው ነው፤ የይዘታቸው መመሳሰል የሚጠየቀው በሌላ ዘዴ ነው። ተማሪው ቃላቱን በፕሮግራሙ ውስጥ ጽፎ ሲሞክር ጃቫ ተመሳሳይ ጽሑፎችን በአንድ ነገር ስለሚወክል ፍለጋው የሠራ ይመስለዋል። ቃሉ ከፊደል ገበታው ሲነበብ ግን ፊደላቱ አንድ ሆነው ሳለ መልሱ «አይደለም» ይሆናል። ለዚህ «ያው» እና «እኩል» የሚሉትን ለይተን ወስደናል። የቃላት ሰብሳቢ «ገና» በጠብቆ በዓሉን፣ በላልቶ ጊዜው አለመድረሱን እንደሚያመለክት ያውቃል፤ በፊደል እኩል የሆኑትን ሁለቱን ቃላት ያው ናቸው ብሎ በአንድ ካርድ ላይ አይጽፋቸውም።

4. ስለ በግ፣ ስለ ነቀዝና ስለ አረም

እስካሁን «ግድፈት» እያልን የጠራነውን እንግሊዝኛው በነፍሳት ስም ይጠራዋል። በመስከረም 9 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 በተባለው ኮምፒዩተር ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተገኝታ በመዝገብ ላይ መለጠፏ ብዙ ጊዜ የቃሉ መነሻ ተደርጎ ይነገራል። ነገር ግን ቶማስ ኤዲሰን በ1878 እ.ኤ.አ. በደብዳቤዎቹ ላይ ቃሉን በዚሁ ትርጉም ተጠቅሞበታል፤ የእሳት እራቷም በመዝገብ ላይ የተለጠፈችው ቃሉ ቀድሞ የታወቀ ስለነበረ ነው።

ቃሉን እንዳለ ብንዋሰው በፊደላችን «በግ» ሆኖ ይነበባል፤ «በፕሮግራሙ ውስጥ በግ ተገኘ» ማለት ከቁም ነገር ያወጣናል። «ነቀዝ» እህሉን ከውስጥ የሚበላ በመሆኑ ምስሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ነቀዝ ከውጭ የሚገባ ሲሆን የፕሮግራም ስሕተት የሚገባው በጸሐፊው እጅ ነው። «ሳንካ» በብዙዎች ዘንድ እየተለመደ የመጣ ቢሆንም የሚያመለክተው ሥራን የሚያሰናክለውን፣ በውጭ የሚታየውን ነው። ባለሙያዎች ሦስት ደረጃዎችን ይለያሉ፤ ሰው የሚሳሳተውን፣ በጽሑፉ ውስጥ የሚቀረውንና በሥራ ጊዜ የሚታየውን። እኛም በዚሁ መሠረት ስሕተት፣ ግድፈትና ብልሽት እንላለን። «ግድፈት» ገልባጭ ከመጽሐፉ ላይ ቃል ሲዘል የሚፈጠረውን ጉድለት የሚያሳይ የቆየ ቃል ነው፤ በሦስተኛው ምሳሌ እንዳየነውም ግድፈት ኖሮ ብልሽቱ እስከ ሁለተኛው ንባብ ድረስ ላይታይ ይችላል።

ለድርጊቱ ግን አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገንም። «አረመ» የሚለው ግስ ገበሬው ከሰብሉ መካከል አረሙን ሲነቅልም፣ መምህሩ የተማሪውን ጽሑፍ ሲያቃናም ያገለግላል። እንግሊዝኛው ተባይ በማስወገድ የገለጸውን አማርኛ በእርሻ ሥራ ሲገልጸው ኖሯል። የፕሮግራም እርማትም አረሙን ከሰብሉ ለይቶ የማወቅ ሥራ ነው፤ የማያውቅ እጅ ስንዴውን ነቅሎ እንክርዳዱን ይተዋል።

5. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተደረገው ፈተና በኋላ የጸኑትና የተለወጡት ስያሜዎች የሚከተሉት ናቸው፦

ሰንሰለታዊ ዝርዝር፦ እያንዳንዱ አንጓ ቀጣዩን የሚያመለክትበት የመረጃ አደረጃጀት። (የጸና)
አንጓ፦ ይዘትና ቀጣይ የሚይዝ የዝርዝሩ አባል። (የጸና)
ማጣቀሻ፦ ወደ አንድ ነገር የሚያመለክት፣ ነገሩን ግን ያልሆነ። (የጸና)
መነሻ፦ የመጀመሪያውን አንጓ የሚያመለክት ማጣቀሻ። («ራስ» የሚለውን የተካ)
አልቦ፦ ምንም ነገር የማያመለክት ማጣቀሻ ሁኔታ። («ባዶ» የሚለውን የተካ)
ያው፤ እኩል፦ የመጀመሪያው የነገሩ አንድነት፣ ሁለተኛው የይዘቱ መመሳሰል። («እኩል» ብቻ ይባሉ የነበሩ)
ግድፈት፤ ብልሽት፦ የመጀመሪያው በጽሑፉ ውስጥ ያለው፣ ሁለተኛው በሥራ ጊዜ የሚታየው።
ማረም፦ ከብልሽቱ ተነሥቶ ግድፈቱን ፈልጎ ማቃናት።

ሰንሰለት በተለመደ አገባቡ ከሁለቱም ጫፍ ሊጎተት የሚችል ሲሆን፣ ይህ ዝርዝር ግን ከመነሻ ወደ ፊት ብቻ የሚነበብ ነው። ቃሉ አቅጣጫውን ስለማያሳይ ፍቺው እንዲያሳይ ማድረግ የግድ ነው። ስለዚህም ስያሜው ጸንቷል ብንልም ጉድለት የለበትም አንልም፤ አቅጣጫውንም አብሮ የሚያሳይ የተሻለ ቃል ያገኘ አንባቢ ቢያቀርብልን በደስታ እንቀበላለን።

በመጨረሻም ለተርጓሚዎች የምናቀርበው አሳብ አንድ ነው። ሙያዊ ቃል ከመረጡ በኋላ በፍቺው ላይ አይቁሙ፤ ነገሩ ተበላሽቶ ሳለ አንድ ተማሪ ለመምህሩ ችግሩን ሲያስረዳ የሚናገረውን ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። መምህሩ ያን ዐረፍተ ነገር ሰምቶ ግድፈቱ ያለበትን መሥመር ማግኘት ከቻለ ቃሉ ይጽና። ካልቻለ፣ የተማሪውን ፕሮግራም ከማረማችን በፊት ስያሜያችንን እናርም።